ለዘመድ ነው ያበደርኩት

ፍርድ ቤት ቆሞ «እህቴ» አለኝ። በዳኛዋ ፊት እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ይህቺ እኮ እህቴ ናት» አለ። ወንድሙን ካገባሁ ጀምሮ ይህ ሰው በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ዳኛዋ አያውቁትም፤ እኔ ግን ከጥፍሩ እስከ ፀጉሩ አውቀዋለሁ።

የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ልንጋባ ስንል «ሴት የጠፋ ይመስል» ብሎ ነበር። ለእኔ አይደለም የተናገረው፤ እኔ እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሜ «አጣቢዋ» ሆነ። «አጣቢዋ አለች?» «ለአጣቢዋ ንገራት።» ባሌ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል፣ ይስቃልም። ላውንደሪ አለኝ፣ እውነት ነው፣ አጥባለሁ። የሰው እድፍ አጥቤ ነው የምበላው። የእሱን እድፍ ለማስለቀቅ የሚበቃ በረኪና ግን ገና አልተሠራም።

ሰፈሩ ደግሞ እሱን «ቅርንጫፍ» ይለዋል። ባንክ እንዳይሉት ባንክ አይደለም፤ ሥራው ግን የባንክ ነው። ከፊት ለፊት ቧንቧ ይሸጣል፣ ከመጋረጃው በስተኋላ ገንዘብ ያበድራል። ቧንቧ ሲሸጥ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ እሱ ከፍ ባለ የቆዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ተበዳሪው በአጭር በርጩማ። ሰውየው ጉዳዩን ሲጀምር ስልኩን ያነሳና ከማን ጋር እንደሚያወራ የማይታወቅ ረጅም ወሬ ይጀምራል። ተበዳሪው ጉልበቱን አቅፎ ይጠብቃል። ስልኩ ሲዘጋ ሰውየው የመጣበትን ግማሹን ረስቶታል፤ ወለዱን የሚጠይቅበት ወኔም አይቀረውም። እኔና ባሌም እዚያ በርጩማ ላይ በየተራ ተቀምጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። አንድ ሆቴል አንሶላውንና ፎጣውን በሙሉ ልስጥሽ አለኝ። እስከዚያ ድረስ የሰፈሩን ሸሚዝና ሱሪ ነበር የማጥበው፤ የሆቴል አንሶላ ግን በትንሽ ማሽን አይገፋም። ትልቅ ማጠቢያና ትልቅ ማድረቂያ ያስፈልጋል። ባንክ ሄድን፤ ባንኩ መያዣ የሚሆን ቤት አላችሁ ወይ አለን። የምንኖረው በኪራይ ነው። ባሌ «ወንድሜ እያለልኝ ምን አስጨነቀኝ» አለ። እኔም «እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ መኖሩ ነው» አልኩት። ሌላ በር ግን አልነበረንምና ሄደን ፈረምን። በወር በወር ወለድ፤ መያዣው ራሳቸው ማሽኖቹ፤ ሁለት ወር ከዘገየን ማሽኖቹ የእሱ ይሆናሉ። ያን ጊዜ በመካከላችን «እህት» የሚል ቃል አልተነሳም። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብቻ ነው ያለኝ።

ከፈልኩ። ያበደረንን ዋና ገንዘብ የሚያህል ከፍዬ፣ ከዚያም አልፌ ከፈልኩ፤ በእሱ ስሌት ግን ዋናው ንቅንቅ አላለም። የሰጠሁት ሁሉ ለወለድ ሄዷል ይለኛል። ከዚያ ሆቴሉ ሒሳቤን ማዘግየት ጀመረ። ዛሬ ነገ ሲሉኝ ሁለት ወር አለፈ። በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ቅርንጫፍ ሜትር ይዞ፣ ሁለት ተሸካሚ አስከትሎ፣ ላውንደሪው ገባ። እኔን ሰላም ሳይል የበሩን ስፋት ለካ። ማሽኖቹ በበሩ እንደማይወጡ ሲያይ ግድግዳው ይፈርሳል አላቸው። ገዢም አግኝቶላቸው ኖሯል። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ ሴቶች አንሶላ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ዓይኔ ደም ለበሰ። የጋለውን ካውያ አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩና፣

«ጋሼ፣ ሸሚዝህ ተጨማዷል። ጠጋ በል ልተኩስልህ» አልኩት።

ጠጋ አላለም። ተሸካሚዎቹ ናቸው ቀድመው የወጡት። «በሕግ እንገናኛለን» ብሎ ሄደ፤ በሳምንቱም ክሱ ደረሰኝ። ሕግ የሚለውን ቃል ከአፉ በማውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨው ይሆን እላለሁ።

ጠበቃ አገኘሁ። ጉንፋን የማይለቀው፣ መሀረቡን ከእጁ የማይለይ፣ ልብሱን እኔ ዘንድ የሚያሳጥብ ሰው ነው። ውሉን አንብቦ ስለ ወለዱም ስለ ማሽኑም ምንም አላለኝም። «ይህ ሰው ፈቃድ አለው?» ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። የቧንቧ ፈቃድ አለው አልኩት። «የማበደር ነው የምልሽ» አለኝ። ከዚያ ሕጉን እንደ ልጅ አስረዳኝ። ማበደርን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ከገንዘብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሳያወጣ ያበደረ እንደሆነ ውሉን ይዞ ፍርድ ቤት ቢመጣ ፍርድ ቤቱ አያስፈጽምለትም። መያዣውን አይወስድ፣ ወለዱን አይጠይቅ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

«ተቀመጪ፣ አልጨረስኩም» አለኝ። «ሕጉ ለዘመዱ ያበደረን ሰው አይነካም። ሰው ለወንድሙ ሚስት ቢያበድር ዝምድና ነው እንጂ ንግድ አይደለም። እሱም በክሱ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ‹ከእሷ በቀር ለማንም አበድሬ አላውቅም፣ ለዘመድ ነው ያበደርኩት› ይላል። ፍርድ ቤቱ ካመነው ውሉ ይጸናል፣ ማሽኖቹም ይሄዳሉ። ለሌላም ሰው እንደሚያበድር የሚናገር አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ይበቃናል።»

አንድ ሰው! ሰፈሩ በሙሉ የእሱ ባለዕዳ ነው፤ አንድ ምን አላት ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፀጉር አስተካካዩ ነው። የደንበኛውን ፀጉር በግማሽ ትቶ፣ ቅርንጫፍ እንዴት እንደጋጠው ሲነግረኝ በመቀሱ አየሩን ይቆርጥ ነበር። እመሰክራለሁ ብሎ ማለልኝ። በማግሥቱ ላውንደሪው ድረስ መጥቶ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ልትገባ ስለሆነ ከሰውየው ዘንድ እንደገና መሄዱ እንደማይቀር፣ እኔም እናት ስለሆንኩ እንደምረዳው ነገረኝ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ጎረቤቴ ደግሞ የወሰድኩት ብድር አይደለም፣ እርዳታ ነው አለችኝ። ለእርዳታ በየወሩ ወለድ ይከፈላል ወይ ብላት፣ «ምስጋና ነው» አለች። ብስክሌት ጠጋኙ ስመጣ ከሩቅ አይቶኝ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ቆሜ አንኳኳሁ። ከውስጥ የብስክሌት ደወል ተነካና ጮኸ፤ እሱ ግን የለም።

አልፈርድባቸውም ልል ነበር። እዋሻለሁ፤ ፈርጄባቸዋለሁ። ከእኔ ጋር ሲሆኑ እሱን ይረግማሉ፣ እሱ ሲያልፍ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ሁሉም የፈረሙትን ወረቀት እሱ ነው የሚያስቀምጠው፤ ለማንም ቅጂ አይሰጥም። ስለዚህ ሰዎቹ አፋቸውን ከዘጉ ብድሩም የለም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው አንድ ብድር ብቻ ነው፤ የእኔን።

ቤቴ ስገባ ባሌ ይጠብቀኛል። ወንድሜን አራጣ አበዳሪ ነው ብለሽ በአደባባይ ልታዋርጅው ነው ወይ ይለኛል። አስታራቂ እንላክበት፣ ጊዜ እንለምነው፣ ሥጋ ነው፣ አይጨክንም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል አልሰማሽም?» አለኝ። ሰምቻለሁ፤ አመዱ እኔ መሆኔን ነው ያላወቅኩት አልኩት። ከዚያ በኋላ ባሌ መሃል ሰፋሪ ሆነ። ጠዋት እኔ ጋ አንሶላ ያጣጥፋል፣ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ሱቅ ሄዶ ቧንቧ ያስተካክላል። የሁለታችንንም ፊት አያይም።

አማቴ የመጡት ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የሚኖሩት ከታላቁ ልጃቸው ጋር፣ እሱ ቤት ውስጥ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ነው። ላውንደሪው በእንፋሎት ታፍኖ ነበርና ወንበር አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም፤ ጫማቸው እንዳይርስ ደረቅ ቦታ ፈልገው ቆሙ።

«የኔ ልጅ ለዘመድ የሚጨክን ሰው ነው የምትዪው አንቺ ነሽ አሉ» አሉኝ።

«ማሽኖቼን ሊወስድ ነው፣ እማማ።»

«ወስዶ የት ይጥላቸዋል? ከቤተሰብ እጅ አይወጡ። አንቺ ግን የገባሽበትን ቤት ስም ልታጠፊ ነው። እኔ ከነገ ወዲያ ሰው ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው? ‹ወንድሙን የበላ› ብለው ጣታቸውን ሲቀስሩበት ልስማ?»

ማድረቂያው ጨርሶ ይጮህ ስለነበር በሩን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ልጃቸው ከሰው ገንዘብ መውሰዱ አይደለም የሚያስጨንቃቸው። ለዘመድ ክፉ ነው መባሉ ነው። ለባዕድ ክፉ መሆን በእሳቸው ቤት እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ወጥተው ሲሄዱ ለሠራተኞቼ ሰላም ብለው ለእኔ ሳይሉኝ ሄዱ።

በቀጠሮው ቀን የችሎቱ ክፍል ጠባብና የታፈነ ነበር። ከእኔ በኩል ያለው አግዳሚ ባዶ ነው፤ እኔና ጠበቃዬ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ባሌ፣ ተነስቶ ለመውጣት የተዘጋጀ ይመስል በግማሽ ቂጡ። ከእሱ በኩል ያለው ሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ሱፍ ለብሶ መጥቷል። ፎቶ ኮፒዋም አለች። ምስክር ሊሆኑ አይደለም የመጡት፤ እሱ ዞር ብሎ መምጣታቸውን እንዲያይላቸው ነው። ፀጉር አስተካካዩን እስኪያፍር ድረስ አየሁት። አላፈረም።

ቅርንጫፍ ቆሞ «እህቴ» ያለው ያኔ ነው። የእህቱን ችግር አይቶ አላስችል ስላለው ካለው ላይ ቆርሶ እንደሰጣት፣ ወረቀቱም ለደንቡ ያህል እንደተጻፈ ተናገረ። ድምፁ ሁሉ ተለሳልሶ ነበር። ጠበቃዬ አፍንጫውን ጠርጎ ተነሳና፣ ለምን ቅርንጫፍ እንደሚሉት ጠየቀው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ረጅም ስለነበርኩ ነው» አለ።

ከኋላ በኩል ሰው ሁሉ ሳል ያዘው። ለሌላ ሰው አበድሮ ያውቅ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ለማንም አለ። ጠበቃዬ ተቀመጠ። ሌላ የሚጠይቀው አልነበረውም። ማሽኖቹ ሄዱ፣ ሆቴሉ ሄደ፣ ሁለቱን ሴቶች ነገ ምን ብዬ ነው የማሰናብታቸው እያልኩ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ እሱ የቆጠራቸው ምስክር ተጠሩ፤ አማቴ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። የእሱ ጠበቃ ተከሳሿ ማናት አላቸው። «ምራቴ ናት፣ የቤቴ ሰው ናት» አሉ። አብረን እንደምንበላ፣ አብረን እንደምናዝን ተናገሩ። አንድም ቀን አብሬያቸው በልቼ አላውቅም፤ እያሳለፍኩ ነው የኖርኩት። ቅርንጫፍ ራሱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል።

የኔው ጠበቃ የሚጠይቀው እንዳለ ዳኛዋ ጠየቁት። ተነሳ። እንደ መሰልቸት ብሎት መሀረቡን እያጣጠፈ ነው የተናገረው።

«እናቴ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ልጅዎ ከዚህች ሴት በየወሩ ወለድ ይወስዳል። የቤቴ ሰው ናት ይላሉ። ታዲያ ከወንድሙ ጓዳ እንዲህ ያለ ወለድ የሚያወጣ ሰው ለዘመድ አንጀት የለውም ማለት ነው?»

አማቴ ቱግ አሉ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ።

«ማነህ አንተ? የኔ ልጅ አንጀት የለውም? ለሷ እኮ ግማሹን ነው የተወላት! ሌላው እጥፉን ሲከፍል ለሷ በግማሽ ነው የሰጣት። ዘመድ ናት ብሎ!»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ሌላው ማነው፣ እናቴ?» አሏቸው።

እኚህ ሴት የልጃቸውን ደግነት ማስረጃ የተጠየቁ መሰላቸው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ የአማቴ አፍ ግን አልከዳም። ልጃቸውን ሊያድን ነው የተከፈተው። ዞር ብለው በጣታቸው እያመለከቱ ጀመሩ።

«ይኸው ይሄ ፀጉር አስተካካይ። ስንት እንደሚከፍል ይናገር፣ ከሷ ጋር ይተያይ። ይቺ ፎቶ ኮፒዋ። ብስክሌት ጠጋኙ አልመጣም እንጂ እሱም አለ። ልጄ በሌለ ጊዜ የሚያመጡትን የምቀበለው እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቁኝ!»

«እማዬ፣ በቃሽ!» አለ ቅርንጫፍ። ለስላሳው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ዳኛዋ እንዲቀመጥ አዘዙት። አማቴ ግን ልጃቸው ከትሕትና ብዛት ያስቆማቸው መስሏቸው «ተወኝ፣ ይወቁልህ» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን እያየ ነበር። ዳኛዋ ወደ ፊት ጠሩት፤ በቃለ መሐላ ሲጠየቅ፣ ልጁም ትምህርት ቤቱም ተረሳና ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። ፎቶ ኮፒዋም ምስጋናዋን ብድር ነው ብላ አመነች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽም፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ነገር የለም። ቅርንጫፍ አግዳሚው ላይ ኩምሽሽ ብሎ፣ ያ «ረጅም» ሰውዬ የአንድ ልጅ ያህል ቦታ ይዞ ተቀምጧል።

ከእረፍት በኋላ ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። ከሳሽ ማበደርን ሥራ አድርጎ መያዙ ተረጋግጧል፣ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ ውሉ በፍርድ ቤት አይፈጸምም። ማሽኖቹን መንካት አይችልም። ዋናው ገንዘብም በተከፈለው ተተክቷልና የሚጠይቀው የለም። ጉዳዩ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይተላለፍ። ዳኛዋ ገና ሳይነሱ ፎቶ ኮፒዋ በሩ ላይ ደርሳ፣ ከእንግዲህ አምስት ሳንቲም እንደማትከፍል ለማያውቋት ሰዎች ትናገር ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ መጣና «እንኳን ደስ አለን» አለኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ደስታ እንኳ አልካፈልም።

ኮሪደሩ ላይ ቅርንጫፍ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አማቴ በሩጫ ደርሰው ክንዱን ያዙት። ክንዱን ነጥቆ ዞረ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ እንዳትደርሺ» አላቸው። «ዕቃሽን አስልክልሻለሁ።»

ወርዶ ሄደ። ባሌ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለ ተከትሎት ደረጃውን ወረደ። ኮሪደሩ ላይ እኔና አማቴ ቀረን። ክፍላቸው፣ ፀሐዩ፣ ልጃቸው፣ ሁሉም ከዚያ ደረጃ ሥር ወርዷል። ሴትዮዋ ግን ገና አልገባቸውም። ወደ እኔ መጡና፣ ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጄን ያዙኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ጥሩውን አይደል የተናገርኩለት? አንቺ እዚያው ነበርሽ፣ ንገሪኝ። ምን ብዬ ነው የተቆጣኝ?»

ስለ ሌላ ነገር ተናድዶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ነገ ይበርድለታል ማለትም ይቻል ነበር። አሳዘኑኝ፣ አልክድም፤ የያዙኝ እጅ የአሮጊት እጅ ነው። ግን ያ እጅ ስንት ጊዜ የዘረጋሁለትን ሰላምታ አልፎ እንደሄደ ትዝ አለኝ፣ «ልጄ» የሚለውም ቃል ዛሬ መንገድ ላይ ሲቀሩ መውጣቱ አንገበገበኝ። ልጎዳቸው ፈለግኩ። ለዚያም ውሸት አላስፈለገኝም።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ነካሁና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኳቸው። «ማሽኖቼን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ባይናገሩ ዛሬ ልጅዎ ያሸንፍ ነበር።»

መጀመሪያ ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው። ከዚያ ፊታቸው ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁ፤ ዳኛዋ የጠየቁት፣ እሳቸው የቆጠሩት፣ «በቃሽ» ያላቸው። እጄን ለቀቁ። ግድግዳውን ተደግፈው ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ብቻ፣ ያመለከቱበትን፣ በሌላው እጃቸው ጨብጠው ያዙ።

ባሌ እያለከለከ ተመልሶ መጣ። እናቱን ወለል ላይ ሲያይ ደነገጠ፤ ምን አድርገሻቸው ነው አለኝ።

«አመሰገንኳቸው» አልኩት።